ሠላሳ ዘጠኝ ቀን የቆየው ከረጢት

የሆስፒታሉ ደም ባንክ ሠራተኛ በሰው አፍ «ወይዘሮ ፍሪጅ» ትባላለች። ሕጓ አንድ ነው፦ የአርባ ሁለት ቀን ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበው የደም ከረጢት ቀድሞ ይወጣል። «እባክሽ ትኩሱን ስጪን» ብሎ የሚለማመጣትን አስታማሚ «ዳቦ ነው እንዴ?» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ብርድ ላይ የሰነበተ ቀይ የደም ሕዋስ ልስላሴው ቀንሶ ደረቅ ይላል፣ ዳር ዳሩም እሾህ ያወጣል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው በቀን በሁለት ቀን ነፍስ ይዘራል። ይህን የምትናገረው አፏን ሞልታ ነው፤ ማን ይከራከራታል!

በሰው አባት ላይ ሕግ መናገር ቀላል ነዋ። አንድ ቀን ጠዋት የራሷ አባት፣ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ፣ ጨጓራቸው ደምቶ ፊታቸው ወረቀት መስሎ እዚያው ሆስፒታል ተኙ። ለእሳቸው የሚሆን ሁለት ከረጢት ብቻ ነበር፦ አንዱ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ፣ ሌላው አራት ቀኑ። የወይዘሮ ፍሪጅ እጅ ሕጉን ሁሉ ረስቶ ቀጥ ብሎ ወደ አራት ቀኑ! ወይ ጉድ! ያን ጊዜ «ዳቦ ነው እንዴ?» የሚላት ሰው ጠፋ።

ስልኩ ጮኸ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናት።

«ዛሬ ለተወለደች ልጅ ትኩስ ደም እፈልጋለሁ» ብላ ዓይነቱን ነገረቻት። የአባቷ ዓይነት ነው። «አለሽ?»

ለአራስ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከቆየ ደም ውስጥ ሾልኮ የሚወጣው ፖታሲየም ያቺን ትንሽ ልብ ሊያቆማት ይችላል። ከረጢቱ እጇ ላይ ነው። «የለም» ብትል ማን ያውቅባታል? አባቷን ትወዳለች፤ እንዳይሞቱባት ፈርታለች።

«አለ፤ ሰው ላኪ» አለች።

ትኩሱን ለተላከው ሰው አስረክባ፣ አሮጌውን ራሷ ይዛ ወደ አባቷ ወጣች። የክፍሉ ነርስ ሰቅላ ስትሰካው፣ አባትየው ከረጢቱን እንደ ገበያ ጨርቅ ገመገሙት።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ! ከእኔ ጋር ሲተያይማ ገና ጮርቃ ነው።»

ልትስቅ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ትኩሱን ለእሳቸው አንስታ እንደነበር፣ ለማን እንደሰጠችው፣ እንዴት እንደፈራች።

አባቷ ጠብ ጠብ የሚለውን ደም እያዩ ቀዝቃዛ እጃቸውን እጇ ላይ ጣል አደረጉ።

«ልጅቱስ? ተሻላት?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሻል? ሂጂና እዪያትልኝ። እኔ የትም አልሄድም።»