ነፍሱ ፈቃደኛ ከሆነች

፩

ሞተ።

(አይደንግጡ፤ የሞተው አባ ነዲድ የሚባል፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ያለ አስማተኛ ገጸ ባሕርይ ነው። በእሱ ስም የሚጫወተው ናሁሰናይ ግን ደህና ነው፤ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ እንጂ።)

፪ ደንቡ

ገጽ 61፦ «የእሳት አስማት ክፍሉን ሞልቶ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያቃጥላል።»

ገጽ 9፦ «አስማት ባለቤቱን አይነካም።»

ባለቤቱ ራሱ ክፍሉ ውስጥ ካለስ? መጽሐፉ ዝም ብሏል።

፫ ዳኛው

ደንብ ሲያሻማ የሚፈርደው የጨዋታው መሪ ምንተስኖት ነው። በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ያረቃል፤ የሚያረቀውን ማንም ስለማይረዳው እንደ ትልቅ አዋቂ ይከበራል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በሌላዋ ተጫዋች በሶስና ሳሎን ውስጥ የጨዋታውን ካርታና መወርወሪያ ዳይስ ዘርግቶ ይፈርዳል፤ ፍርዱንም በደብተር ይመዘግባል።

ውሳኔ ቁጥር 41፦ ገጽ 61 ይጸናል። አባ ነዲድ በገዛ እሳቱ ተቃጥሏል። ይግባኝ ማለት ይቻላል።*

* ይግባኝ ሰሚው ያው ምንተስኖት ነው።

፬

ናሁሰናይ አባ ነዲድን ሆኖ አራት ዓመት ተጫውቷል። ጢሙን እንኳ በእርሳስ ስሎለት ነበር። ይግባኝ አላለም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ቅዳሜ አልፏል፤ ወንበሩ ላይ አሁን የሶስና ድመት ትቀመጣለች። ድመቷ ደንብ አትከራከርም።

፭

(እዚህ ላይ ስለ ፍትሕ አንድ ቁም ነገር ልጽፍ ነበር። ተውኩት።)

፮ ቃለ ጉባኤ

ሶስና፦ ፈዋሿ ገጸ ባሕርይ የኔ አይደለች? ሙት ማስነሣት ተምራለች። አባ ነዲድን ላስነሣው ነው።

ምንተስኖት፦ ገጽ 88ን አንብቢያ።

ሶስና፦ «ሟቹ የሚነሣው ነፍሱ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ ነው።»

ምንተስኖት፦ ፈቃደኛ ናት ብዬ ወስኛለሁ።

ሶስና፦ አንተ ነህ እንዴ ነፍሱ?

ምንተስኖት፦ መሪው ነኝ።

ሶስና፦ እኔም ፋርማሲስት ነኝ፤ በሽተኛውን ሳልጠይቅ መድኃኒት አልሰጥም። ነፍሱ ጀሞ፣ ናሁሰናይ ቤት ነው ያለችው። ስልክም አላት። ደውልላት።

ምንተስኖት፦ አስማቱ ያንቺ፣ ደዋዩ እኔ?

ሶስና፦ ማን እንደሚጠይቅ መጽሐፉ አይልም። በል ወስን፤ መወሰን ትወድ የለ?

፯ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ገጽ

አባ ነዲድ የሞተ ቀን ናሁሰናይ ገጽ 9ን በቃሉ ሲወጣው ሶስና ከት ብላ ሳቀች፤ የሳቀችው ገጹን ሲያገላብጥ በነበረው በምንተስኖት ነው። እሱም የፈረደው በሳቁ ላይ ነው። ገጽ 9 ልክ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ምንተስኖትን ናሁሰናይ ናፍቆታል። አሥራ አንዱንም ቅዳሜ የበሩን ደወል ሲጠብቅ ነው የዋለው። ይህን ግን ደብተሩ ላይ አልመዘገበም።

፰

ውሳኔ ቁጥር 42፦ ነፍስን የሚጠይቃት የገደላት ነው።

ሶስና ስልኩን በካርታው ላይ ገፋችለት።

ጠራ።

ጠራ።

«አቤት» አለ ናሁሰናይ።

«ናሁ፣ እኔ ነኝ። በገጽ 88 በተደነገገው መሠረት…»

ሶስና መጽሐፉን ከደነችበት።

ምንተስኖት የሚያነበው አጣ። ከመጽሐፉ ውጭ በገዛ ቃሉ መናገር ጀመረ።

፱ ቅጽ

የሟች ስም፦ አባ ነዲድ

የገዳይ ቃል፦ «ገጽ 9 ልክ ነበር። ያኔም አውቅ ነበር። ናሁ፣ ትመጣለህ?»

የነፍስ መልስ፦ (በራሷ የሚሞላ)