የሙሽራ መኪና ጎማ

መልአኩ ወልድያ ሲደርስ ወገቡ የራሱ አልመስለው ብሎ ነበር። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ወልድያ ያለውን ኮረኮንች በዚያች ዝቅ ባለች ቀይ መኪና ለወረደ ሰው ይሄ አይገርምም። መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ መሬት ለመሬት የሚሄድ የስፖርት መኪና ናት። አንድ ባለሆቴል ለእንግዳ መሳቢያ ትሆነኛለች ብሎ ከአዲስ አበባ አስመጣትና መንገዱ ሲያማርረው ለመልአኩ ሸጠለት። ጤነኛ ሰው ላስታ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና አይገዛም። መልአኩ ግን ገዛ፤ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ደግሞ ያለ እሷ አልዳርም የሚል ሙሽራ በዛ። የሠርግ ወር በመጣ ቁጥር በአበባና በሪባን አስጊጧት የሰው ልጅ ሲያደርስ ይከርማል። ደክሞታል። ሠርግ የሚባል ነገር ሲሰማ እንቅልፉ ይመጣል።

አሁን ግን የምትዳረው የራሱ ልጅ ናት። ባንችይርጋ ጥር ላይ ፍላቂት ለሚኖር መምህር ልትዳር ቀን ተቆርጧል፤ አራቱም ጎማዎች ደግሞ አልቀው ሽቦ ሊያወጡ ምንም አልቀራቸውም።

ጎማ ሻጩ አብዱልጀባር የድሮ ጓደኛው ነው፤ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና አብረው ነድተዋል። ጎንበስ አለና ያለቀውን ጎማ ጎኑን በእጁ ጠራርጎ አነበበ።

«ሁለት መቶ አምስት በሃምሳ አምስት፤ ቸርኬው አስራ ስድስት። ይሄ ቁጥር ወልድያ የለም። እዚህ ያለው የሚኒባስና የጭነት ነው።»

«ያ ምንድነው ታዲያ?» አለ መልአኩ፣ ጥግ ላይ ወደተደረደሩት አራት ጎማዎች እያመለከተ። «ቁጥሩ ያው ነው፤ ጥርሱም ደህና ነው።»

«ጥርሱን ተወው፤ ዕድሜውን እይ።» አብዱልጀባር ጎማውን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ቀጫጭን ስንጥቆች ብቅ አሉ። «ያገለገለ ነው፤ ከዚያም ቆሞ አረጀ። ወላሂ ለጠላቴም አልሸጠው።»

«ሱቅህ ውስጥ ምን ይሠራል ታዲያ?»

«ሰው ይቀመጥበታል።»

መልአኩ ሄዶ ተቀመጠበት። ከዚያ ሆኖ ሲያይ ሌላ አዲስ ጎማ አየ፤ ወፍራም፣ ጥርሱ የጎለበተ፣ ለድንጋይ የተፈጠረ የሚመስል። ቸርኬው ልክ ነው፤ ስፋቱም ልክ ነው፤ የመሃሉ ቁጥር ብቻ ስልሳ አምስት ይላል።

«እሱ የጎኑ ቁመት ነው» አለ አብዱልጀባር። «ያን ካሰርክ መኪናህ ሁለት ጣት ያህል ከመሬት ትነሳለች። ግን መሪውን እስከ ጥግ ስታዞረው ፓራፋንጎውን ይፍቅልሃል፤ ሰው ሲጫንባት ደግሞ ይብስበታል። ትክክለኛውን ቁጥር፣ ለበጋም ለክረምትም የሚሆነውን፣ ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ። ከጥምቀት በፊት ይደርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ትንሽ ታገስ።»

መታገስ ማለት ያንን መንገድ ደግሞ መምጣት ማለት ነው። መልአኩ ስለ ትዕግሥት አላሰበም፤ ስለ ወገቡ አሰበ። ሁለት ጣት ደግሞ ለላስታ ድንጋይ ትልቅ ነገር ነው።

«እስከ ጥግ አላዞረውማ» አለ። «እጄ ያውቀዋል።»

«ላንተ እጅ ይሆናል» አለ አብዱልጀባር፣ ክሪኩን እያነሳ።

ማታ ላሊበላ ሲገባ ባለቤቱ ስሜነሽ ከጎረቤት የተዋሰችውን የድግስ ድስት እያጠበች ነበር። መልአኩ በሕይወቱ እንዳደረገው ትልቅ ነገር ቆጥሮ ስለ ጎማው አወራላት፤ ስለ ሁለት ጣቱ ከፍታ፣ ስለ ጋሸናው ዳገት፣ እንዴት አድርጎ ልጁን ቀስ እያለ ፍላቂት እንደሚያደርሳት። ስሜነሽ እጇን ከድስቱ አወጣች።

«ማን ነው የሚያደርሳት?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? የሙሽራ አባት ልጁን ጭኖ አማቶቿ ቤት ሲያደርስ የት ነው የታየው? እኔና አንተ መርቀን እዚሁ እንቀራለን እንጂ። የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረመስቀል ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

መልአኩ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ሙሽራ ሲያመላልስ አባቶቹን በመስታወት ወደ ኋላ ሲቀሩ አይቷል፤ አንድም አባት አብሮት ገብቶ አያውቅም። ይህንን ወግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ላስታ ውስጥ የለም። በራሱ እንደሚደርስ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም። ሹፌርነቱ አባትነቱን አስረስቶት ኖሯል።

ያን ሌሊት የተከፋው ለወጉ አልነበረም። ሹፌር ብቻ የሚያየው ነገር አለ። ሙሽራ ደጅ ላይ የምታለቅሰው ለሰው ነው፤ ደንቡ ነው። የራሷን ለቅሶ የምታለቅሰው ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ፣ የእናት የአባቷ ቤት ሲሰወር ነው። ያን ጊዜ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ስለሆነ አያዩዋትም። መልአኩ ያያል። ምንም ሳይናገር ፍጥነቱን ይቀንስና እስክትጨርስ ይጠብቃታል። የእኔም ልጅ እዚያ ጋ ስትደርስ እኔ እኖራለሁ ብሎ ነበር። ለዚህ ነበር ወገቡን የጨረሰው።

በማግሥቱ ሙሽራው ከሚዜዎቹ አንዱን፣ ዓይናዲስ የሚባለውን የፍላቂት የሚኒባስ ሹፌር፣ መኪናዋን እንዲለማመድ ላከው። ዓይናዲስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎኑ ያስቀመጠውን መልአኩን ጋሼ ጋሼ እያለ ነዳ። ከሰፈሩ መውጫ ባለችው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ግን መሪውን እንደ ሚኒባስ እስከ ጥግ ጠመዘዘው። ጎማው ፓራፋንጎውን ፈገፈገና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ አዲስ ስለሆነ ነው። ይለምዳል።»

«ጎማ አይለምድም» አለ መልአኩ። «አቁምልኝና ልውረድ።»

ወርዶ ጎንበስ ሲል ጎማው ጎን ላይ ጥፍር የሚያስገባ ጭረት አገኘ። ሁለት ሰው ብቻ ጭና ነው ይህን ያደረገችው። ሙሽራና ሚዜ ሲሞላባት፣ ዳገቱ ላይ፣ ያ ሁሉ ገደል ከጎን ሆኖ ምን ሊመጣ እንደሚችል አሰበ። ያች የሁለት ጣት ከፍታ ለእሱ እጅ የተገዛች ነበረች። እሱ ደግሞ አይነዳም።

ጥምቀት ሲቃረብ እንደገና ወልድያ ወረደ። አብዱልጀባር ገና ከሩቅ ሲያየው ከሱቁ ወጣ።

«ያኔ እምቢ ብትልም አዝዤልህ ነበር፤ ጎማህ መጥቷል። ግን ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሌላ ሰው ነው የሚነዳት» አለ መልአኩ፣ በዚያው ባረጀው ጎማ ላይ እየተቀመጠ። «አባቷ ነኝ ለካ።»

አብዱልጀባር ሦስት ሴት ልጆች ድሯል። የተቧጨረውን ጎማ አየው፤ ስለ ትዕግሥት ምንም አላነሳበትም።

«አብሽር» አለው ብቻ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ አራቱንም ጎማ ራሱ ፈታ፤ አዲሶቹንም አሰረ። መኪናዋ ተመልሳ ዝቅ አለች። መሪውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ ጥግ አዞሩት፤ የትም አልነካም። ለማንም እጅ የሚሆን ጎማ ነበር። መልአኩ ደስ ሊለው ሲገባ አልቅስ አልቅስ አለው።

በሠርጉ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ሲበላ ሲጠጣ እሱ የጎማውን ብሎን ሲያጠብቅ ዋለ። ሙሽራው ከመጣ በኋላ ዓይናዲስን ወደ ጎን ሳበው።

«ድንጋዩን ባየህ ጊዜ ዙረው እንጂ አትለፍበት፤ ዝቅ ያለች ናት። ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ ደግሞ ቀስ በል። በጣም ቀስ በል።»

«ለምን ጋሼ? እዚያ ጋ መንገዱ ደህና አይደል?»

«ጎማው አዲስ ነው» አለ መልአኩ። «ቀስ ተብሎ ነው የሚጀመረው።»

ዓይናዲስ አመነው። ቁልፉን ከእጁ ሲቀበለው ትንሽ መሳብ ነበረበት።

መውጫው ደረሰ። መምሬ ገብረመስቀል አብርሃምና ሣራን ጠርተው፣ ልጁንም ከብቱንም ዘርዝረው ረጅም ምርቃት መረቁ። ተራው የአባት ሆነ። ባንችይርጋ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመችና ግንባሯን እዚያው አሳረፈች። መልአኩ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። የሰማው ምርቃት ሁሉ፣ የስንት አባት ምርቃት፣ ከአፉ ጠፋ። ድካም ብቻ ቀረው።

«በል እንጂ መርቃት» አለች ስሜነሽ በጆሮው።

«ጎማው አዲስ ነው» አለ።

ድንኳኑ ሳቀ። መምሬም ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«በልኩ የመጣ ነው» አለ መልአኩ፣ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ። «ሁሉንም አይቼዋለሁ። የትም አይነካም። አትፍሪ።»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ባንችይርጋ ግንባሯን ከጉልበቱ ሳታነሳ «አሜን» አለች።