ሆስፒታሉ እንዳይቃጠል

ሎላ ፓሲንግን በገበጣ አሸነፍኳቸው የሚል ሰው በኢሎኢሎ ወደብ ሠፈር በሕይወት የለም። አንድ ነበር፣ ባላቸው፤ እሱም ሞቷል። ሠፈሩ ሁሉ ሎላ፣ አያት፣ ይላቸዋል፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ዛጎል ቆጠራ ላይ ግን ከእሳቸው ጋር ቀልድ የለም።

አሁን ሎላ የሚያድሩት ሆስፒታል ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ማሪሶልን ያስታምማሉ። ማሪሶል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከጭንቅላቷ የኋላ ክፍል ትንሽ ሎሚ የምታህል እጢ ወጣላት። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ሐኪሞቹ ተጨባበጡ፤ እናቷ ኔሊያ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። ነገር ግን እጢው የነበረበት ቦታ የሰውነት ሚዛን የሚጠበቅበት ሆነና ልጅቱ ቆም ስትል ወለሉ እንደ ጀልባ ይዋልልባታል፤ ቀኝ እጇም ይንቀጠቀጣል። "ይመለሳል፤ ግን በየቀኑ መራመድ አለባት። ይሄ ጊዜ ካመለጠ እግሯ ይሰንፋል" አሉ ሐኪሙ።

መራመድ ነው እንግዲህ! በመጀመሪያው ቀን አራት እግር ያለውን መደገፊያ ይዛ ሁለት ጊዜ ተራመደችና ዘጭ! ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ለመኗት፣ ተቆጧት፣ አሻንጉሊት ገዙላት። አልቆምም አለች፣ አልቆምም ነው። ግትርነት በዚያ ቤት በዘር ይወረሳል፤ ከማን እንደመጣ ደግሞ ሎላ ራሳቸው አሳምረው ያውቃሉ። ቀን ቀን ይቆጧታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ "ይቺ ልጅ አልጋ ላይ ልትቀርብኝ ነው" ይላሉ።

ረቡዕ ጠዋት ሎላ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ሰር ኤልመር፣ ሁሉም በአክብሮት ሰር የሚሉት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ የገበጣ ጣውላ አልጋው ላይ ዘርግቶ ዛጎል እየሞላ ነው። ማሪሶል ደግሞ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ስታይ የከረመችው ልጅ፣ ዓይኗ በርቶ፣ የሚንቀጠቀጠውን እጇን ወደ ጣውላው ዘርግታለች።

"ቁም!" ሎላ ጮኹ። ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። "ጣራ ሥር ገበጣ? ሆስፒታሉን ልታቃጥለው ነው?"

"ሎላ፣ ለእጇ ጥሩ ነው ብዬ ነው። ደግሞ ቤት ውስጥ ገበጣ ከተጫወቱ ቤቱ ይቃጠላል የሚባለው እኮ ወሬ ነው።"

"ወሬ? የአጎቴን ቤት ምን አቃጠለው ታዲያ?"

"ምን አቃጠለው?"

"ኩራዝ ነዋ! ኩራዙን ማን ገለበጠው? ገበጣ ተጫዋቹ!"

ከጎረቤት አልጋ አንዲት አስታማሚ "እውነታቸውን ነው፤ ቤት ውስጥ አይነካም" አለች። ከወዲያ ጥግም አንዱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰር ኤልመር ኮሌጅ የበጠሰ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ የኢሎኢሎ ልጅ ነውና ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

"በረንዳውስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በረንዳው ጣራ የለውም? ሰማይ መታየት አለበት! ውጪ፣ ማንጎው ሥር!"

"ሰር ኤልመር ይሸከመኛ!" አለች ማሪሶል።

ሎላ የእሳቱን ነገር የተናገሩት ከልባቸው ነበር። ግን ወዲያው አንድ ነገር አዩ፤ የልጅቱ እግር ከአንሶላው ወጥቶ ወደ አልጋው ጠርዝ እየተሳበ ነው።

"ተሸክመውት የመጣ ሰው ገበጣ አይጫወትም" አሉ ኮስተር ብለው። "ሕግ ነው።"

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እዚያው ቆመው ነው የፈጠሩት፤ እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ማሪሶል አያቷን አየች፤ ጣውላውን አየች፤ በመስኮት ማንጎውን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። "መደገፊያውን አምጡልኝ!"

ጉድ ፈላ! ኔሊያ ከመታጠቢያ ቤት እጇን ሳታደርቅ ሮጠች፤ ነርሷ ወንበር ገፋች፤ የጎረቤት አስታማሚዎች ጣውላውንና ጃንጥላ ይዘው ተከተሉ። ሰር ኤልመር ዶሮ እንደሚይዝ ሰው እጁን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላዋ ይላል። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ፤ ሰር ኤልመር ያዛትና ቆመች። "ልቀቀኝ!" አለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ላብ አጠመቃት። ጥበቃው ሰውዬ ሳይቀር "በርቺ እቴ! በርቺ!" እያለ ያጨበጭባል። አርባ አንድ እርምጃ! ኔሊያ ጮክ ብላ ነው የቆጠረችው።

ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሰባት ሰባት ዛጎል በየጉድጓዱ። የማሪሶል እጅ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ዛጎል አንዴ ሲጥል "አንድ አንድ!" ይላሉ ሎላ፣ ምሕረት የለም። እሷም አንዷን መልሳ ታነሳለች። ቀስ በቀስ ጣቶቿ ዛጎሉን መያዝ ለመዱ፤ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ዛጎል በአንድ አፍታ ከአያቷ ነጠቀች፤ ተመልካቹ ጮኸ። ሎላ ደስ አላቸው፣ ፈሩም።

መጨረሻው ሲቃረብ ተራው የሎላ ሆነ። አራተኛውን ጉድጓድ ቢያነሱ ያሸንፋሉ፤ ሌላውን ቢያነሱ ልጅቱ ታሸንፋለች። ኔሊያ ከልጅቱ ጀርባ ሆና በዓይኗ ትለምናለች። ሰር ኤልመርም በእጁ ምልክት ይሰጣል፦ ይተዉላት።

የሎላ እጅ አየር ላይ ቀረ። ብትሸነፍና ተስፋ ቆርጣ ዳግመኛ አልነሳም ብትልስ? ግን ይቺ ልጅ ዛጎል ቆጠራ የተማረችው ከእሳቸው ነው፤ ሰሌዳውን ታነባለች። ጤነኛ ሳለች አንድም ቀን ለቀውላት አያውቁም። ዛሬ ቢለቁላት ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል።

አራተኛውን አነሱ።

"ሃምሳ ሁለት ለአርባ ስድስት" አሉ።

ኔሊያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እማዬ፣ ምን አለበት? ምን አለበት አንዴ!"

ማሪሶል ቀላች። "አጭበርብረዋል!"

"እኔ? ቁጠሪያ!"

ቆጠረች። ሃምሳ ሁለት ነው። ደግማ ቆጠረች። ሃምሳ ሁለት ነው። የመጨረሻውን ዛጎል ጣውላው ላይ ወረወረችና ጣውላውን ተደግፋ ተነሳች።

"ነገ! ነገ ጠዋት፣ እዚሁ! አሳይዎታለሁ!"

ዘወር አለችና በንዴት ሄደች። ትወላገዳለች፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታለች፣ እያጉረመረመች ነው፤ ግን ትሄዳለች። መደገፊያው ማንጎው ሥር ቀርቷል።

ኔሊያ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሎላ እጃቸውን አፏ ላይ ጫኑ። "ዝም! ማንም እንዳይጠራት!" ሰር ኤልመር ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጫፍ ተከተላት። ጥበቃው በሩን ከፍቶ እንደ ሐውልት ቆመ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እርምጃ፤ ሎላ በሆዳቸው እየቆጠሩ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

በሩን ተደግፋ ዞረች። ሕዝቡን አየች፤ አያቷን አየች።

"ምን ያስለቅስዎታል?" ብላ ጮኸች። "ያሸነፉት እርስዎ!"