የዝይዋ አዛዥ

ዝላትካ ከቡልጋሪያ ለቲማቲም ለቀማ መጥታ ፌንሁክ በምትባል የሆላንድ መንደር ሰባት ዓመት ስትኖር፣ አንድም ቀን ያዘዛት ሰው አልነበረም። ይህ ለሰሚው ምቾት ይመስላል፤ ለእሷ ግን የእግር እሳት ነበር። መንደርተኛው በየዓመቱ ከሌሎች መንደሮች ጋር ለሚወዳደርበት የመስከረም የአበባ ሰልፍ በአበባ የሚሸፈን ሰረገላ ሲሠራ ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ይጯጯሃል። "በሩን ዝጊ!" "ሚስማር አምጣ!" "አንቺ፣ ድንቹን ላጪ እንጂ ምን ያስቅሻል?" ይባባላል። እሷ ጋ ሲደርስ ግን አንደበቱ ሁሉ ቅቤ ይሆናል።

"ዝላትካ፣ ምናልባት ጊዜ ካለሽ፣ ደስ ካለሽም ብቻ፣ እነዚህን ጥቂት አበቦች ብትሰኪ ምን ይመስልሻል?"

ጥቂት የሚሉት አራት ሣጥን ነው። ጣቷ እስኪላጥ ትሰካና ቤቷ ስትገባ ትበግናለች። እንዲህ የሚለሰልሱት ለእንግዳ ብቻ እንደሆነ ገብቷታል። እውነቷን ነው፤ እዚያ አገር ሰው ያለ "ምናልባት" የሚያዘው የራሱን ሰው ነው።

የሰረገላው አዛዥ መንደርተኛው ሁሉ አጎት የሚለው ያኑስ ነበር። ሰረገላውን የሚገፉት ሠላሳ ሰዎች ከአበባው ሥር ተደብቀው ስለሚሄዱ የራሳቸውን ጫማ እንጂ መንገዱን አያዩም፤ ከፊት ሆኖ እየጮኸ የሚመራቸው አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያኑስ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ፣ በዚህኛው ዓመት ሰልፉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የወደቀውም "መሰላሉን ያዝልኝ" የተባለው ሰው፣ መሰላል በየት በኩል ቢያዝ ይሻላል እያለ ከጎረቤቱ ጋር ሲከራከር ነው።

ምትክ ለመምረጥ ስብሰባ ተጠራ። አሳማ አርቢው ቤርት እንዳይሆን ወንድሙ አይታዘዝለትም፤ ወንድሙ እንዳይሆን ቤርት ያኮርፋል፤ ሌላውም ሁሉ "እኔ እያለሁ?" ባይ ነው። ሁሉ ከሆነ ቃልቻ ማን ይሸከማል ስልቻ ማለት ይኼኔ ነው። ሦስት ቀን ከተጨቃጨቁ በኋላ ያኑስ ከአልጋው መልእክት ላከ፦

"ዝላትካ ትሁን። የማናችሁም ዘመድ ስላልሆነች የምትቀኑበት ነገር የለም።"

ሁለት ሰዓት ብቻ ተወያይተው ተስማሙ።

ዝላትካ ደስታም ፍርሃትም ያዛት። ብታበላሽ የሚቆጣት ቢኖር በወደደች! ግን እንደማይቆጧት ታውቃለች። "ምንም አይደለም፣ ጥሩ ሞክረሻል" ብለው ፈገግ ይሉና ዳግመኛ አይጠሯትም። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን እንግዳ ሆና መቅረቷ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን በሰባት ዓመት የለቀመችውን ሆላንድኛ ሁሉ አሰባስባ ከሰረገላው ፊት ቆመች። የዘንድሮው ሰረገላ ፎቅ በሚያህል ዝይ ቅርፅ የተሠራ ነው።

"ካላስቸገርኳችሁ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብንል ምን ይመስላችኋል?"

"ለምን ወደ ግራ?" አለ ቤርት ከዝይዋ ሆድ ውስጥ።

"ትንሽ ማለት ስንት ነው?" አለ ሌላው።

"እኔ በበኩሌ ወደ ቀኝ ባይ ነኝ፤ ግን የሌሎችንም ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ" አለ ከጭራው አካባቢ አንድ ጨዋ ድምፅ።

እስኪመሽ ተወያዩ። ዝይዋ ስንዝር አልተነቃነቀችም።

ዝላትካ ወደ ያኑስ ሄዳ አለቀሰች።

"አጭር ቃል ተናገሪያ!" አለ ያኑስ እግሩ ተሰቅሎ።

"አጭር ቃል ማን አስተምሮኝ፣ አጎት ያኑስ? አለቃዬ እንኳን 'ምናልባት' እያለ ነው የሚያሠራኝ። ሰው ሲታዘዝ የምሰማው እናንተ እርስ በርስ ስትጯጯሁ ነው፤ እኔ ደግሞ የእናንተ አይደለሁም።"

ያኑስ ዓይኑን ወደ ተሰቀለው እግሩ መለሰና "ውሻሽንስ አታዢውም?" አላት።

"ባሮን? እሱማ እኔን ነው የሚያዘኝ።"

በማግስቱ ባሮንን ይዛ ከወይዘሮ ሪት የውሻ ትምህርት ቤት ገባች። ሪት ሰባ ዓመት ያለፋት፣ እንደ ዱላ ቀጥ ያለች ሴትዮ ናት።

"ድምፅሽ ፈቃድ ይለምናል" አለቻት ገና በመጀመሪያው ቀን። "ውሻ ልመና አይወድም። አንድ ቃል፣ አንድ ጊዜ፣ ከሆድሽ! ከዚያ ዝም በይ። ከታዘዘ 'ጎበዝ ልጅ' በይና ብስኩት ስጪው።"

"ቁጭ!" አለች ዝላትካ።

ባሮን ተነሥቶ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤቷ እስከ ሥራዋ "ቁጭ! ቁም! ና!" እያለች ከረመች። ቲማቲሞቹን ስታዝ አለቃዋ ሰምቷት፣ ምናልባት ካስፈለጋት ጥቂት ቀን ብታርፍ ምን እንደሚመስላት ጠየቃት። ባሮን ግን ወይ ፍንክች! አንድ ቀን እንኳን አልተቀመጠም።

የሰልፉ እሑድ ደረሰ። ዝይዋ ነጭ የዳህሊያ አበባ ለብሳ፣ ብርቱካንማ ምንቃሯን ሽቅብ አንሥታ ወጣች። ደረቷ ውስጥ ስድስት ሰዎች አንገቷን በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ የቀሩት ከኋላ ይገፋሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለነበር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ማንም ትእዛዝ አላስፈለገውም። ማእዘኑ ጋ ሲደርሱ ዝላትካ ልቧ ከዳትና "እባካችሁ፣ ምናልባት እዚህ ጋ..." ብላ ጀመረች።

ሳትጨርስ የዝይዋ ምንቃር ከወይዘሮ ፍራንሲን በረንዳ ብረት ሥር ገብቶ ተቀረቀረ። ከኋላ ያሉት ሲገፉ በረንዳው ሲጥ አለ። ዘጠና ዓመት የሆናት ፍራንሲን ቡናዋን ይዛ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

"ካላስቸገርኳችሁ" አለች ቁልቁል እያየች፣ "ይህችን ዝይ ምናልባት ሌላ ቦታ ብትወስዷት ደስ ይለኛል።"

ከዝይዋ ሆድ ውስጥ ክርክሩ ጦፈ።

"ወደ ፊት!"

"ኧረ ወደ ኋላ ነው!"

"ድምፅ እንስጥ!"

"ማን ይቁጠር? እርስ በርስ እንኳ አንተያይም!"

በረንዳው ሌላ ሲጥታ አሰማ። ሦስቱ ዳኞች ከማዶ እርሳሳቸውን አነሡ። ዝላትካ "ጥሩ ሞክረሻል" የሚለውን ድምፅ ከወዲሁ በጆሮዋ ሰማችው፤ ንዴቱም ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ሆዷ ውስጥ ሞላ።

"ዝም!"

ዝይዋ ፀጥ አለች።

"ቁጭ!"

አንገት ተሸካሚዎቹ ስድስቱ አስፋልቱ ላይ ዘፍ አሉ። የዝይዋ አንገት ዝቅ ሲል ምንቃሯ ከብረቱ ተላቀቀ። የእግረኛ መንገዱ ላይ ሪት በማሰሪያው ይዛው የነበረው ባሮን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። እግዜር ይይልኝ፣ ከዳኞቹም አንዱ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ነበር።

"ወደ ኋላ! ቁም! ተነሥ! አሁን ወደ ጎኔ... ና! ና! ና!"

ፎቅ የምታህለው ዝይ ከዝላትካ ጉልበት ሥር እንደሚሄድ ቡችላ ማእዘኑን ዞረች። ለምን ያለ የለም፤ ስንት ያለ የለም። ሕዝቡ በጭብጨባ መንገዱን አናጋው።

"ጎበዝ ልጅ!" አለች ሳታስበው። ከዝይዋ ሆድ ውስጥ ሠላሳ ሰው በደስታ ጮኸ፤ ከመካከላቸውም አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ውው አለ።

ፌንሁክ ከሃያ ሰረገላ አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። አምና ሃያኛ ስለነበረች ደስታው የአንደኛ ነበር።

ከሰልፉ በኋላ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ቤርት በላብ ርሶ፣ አበባ ከፀጉሩ እየረገፈ፣ ዝላትካ ፊት መጣና ተንበረከከ።

"ብስኩቴስ?"

ዝላትካ ኪሷን ዳብሳ አንድ የባሮን ብስኩት ሰጠችው። ቤርት አኘከው፣ አሰበበት፣ "ጨው ያንሰዋል" ብሎ ዋጠው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዝላትካም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ሲበርድ ግን እንደየዓመቱ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች፣ አንድ ሰው ቁጭ በይ እስኪላት።

ከድንኳኑ ጥግ፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ፣ የያኑስ ጩኸት መጣ።

"ዝላትካ! ምን ተገትረሽ ታያለሽ? ነፋስ አስገባሽብን እኮ! በሩን ዝጊና መጥተሽ ድንች ላጪ!"

ምናልባት የለም። ካላስቸገርንሽ የለም። የዝላትካ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሰባት ዓመት የጠበቀችው ይኸው ነበር። በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ለምን እኔ?" አለች። "ቤርት እጅ የለውም? ደግሞስ ድንች በዚህ ቢላዋ ነው የሚላጠው?"

"እሷ እውነቷን ነው" አለ አንዱ።

"የለም፣ ቢላዋው ደህና ነው" አለ ሌላው፤ ክርክሩም ተጀመረ። ዝላትካ በሩን ዘግታ ገባችና ድንቹን እየላጠች ተከራከረች።