የቧንቧ ዘበኞች

ከተማችን ተራራውን ሽቅብ አደገ፤ ውሃው ግን አብሮ ማደግ አልፈለገም። ታች ያሉት ሁሉም ቧንቧ ካልዘጉ እኛ ላይኞቹ ጋ ጠብታ አይደርስም። በጀሪካን የምሸከመው ለመጠጥና ለማብሰያ እንኳ አይበቃም። እማዬ ከአልጋ ከዋለች ወዲህ ገላዋን አልታጠበችም። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርጋት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

"እንዲህ እየሸተትኩማ አልሞትም!" ትላለች።

ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ታችኞቹ ቅዳሜ ከሰዓት ሊዘጉልን ተስማሙ። ግን ማን ማንን ይመን? በገዛ ቤቱ የሚታመን ስለሌለ ሁሉም የሰው ቤት ቧንቧ ይጠብቅ ተባለ። ልብስ ሰፊው ባለሱቁ ቤት ገባ፣ ባለሱቁ ጸጉር ቆራጩ ቤት። እኔ እማዬንና ሳሙናውን ለእህቴ ትቼ ልብስ ሰፊው ቤት ተሰየምኩ። አንድ ዘበኛ ከተነሳ ሁሉም ይከፍታል፤ ውሉ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ጉድ የት ይገኛል!

ውሃው ወጣ! እሰይ!

ታዲያ የወጣ ይወርዳል። ላይ ሰፈር የፍሳሽ መውረጃ ቱቦ የለውም፤ የሚታጠብበት ውሃ ስላልነበረ ማንም አላሰበበትም። እጣቢው መንገዱን ይዞ ወርዶ፣ በልብስ ሰፊው በር ስር ሰተት ብሎ ገባ። ብጣሽ ጨርቆቹ መዋኘት ጀመሩ። እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩ።

ልብስ ሰፊው ከማዶ በባለሱቁ መስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ። "አንቺ ልጅ! ቤቴ ጠፋ እኮ! ቧንቧውን ክፈቺውና ላይ ውሃው ይቋረጥ!"

"መጥተው ዕቃዎን ያውጡ እንጂ ጋሼ!"

"እኔ ከተነሳሁ እዚህ ይከፈትና ውል አፍራሹ እኔ እሆናለኋ!"

"ንቅንቅ እንዳትሉ! ቃል ቃል ነው!" አለ ባለሱቁ፣ ከጸጉር ቆራጩ ቤት። የሱ ሱቅ ከፍ ያለ ነው፤ ምን ቸገረው!

ልብስ ሰፊው አሳዘነኝ፤ እውነቴን ነው። እጄ ወደ ቧንቧው ሄደ። ያኔ ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ናት።

"ውሃው አይቋረጥም አይደል?" አለች እያለከለከች። "ገና ጸጉሯን ነው ያጠብኳት። ስሚ እስቲ፣ ስሚያት!"

ከወዲያ እማዬ ትዘፍናለች። እናቴ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ቧንቧውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩና በመስኮቱ ጮኽኩ።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ አልከፍትም! የእማዬ ጀርባ ይቀራል!"