ባሌ ፕራይመር ሲመርጥ

እንግዳ የሚባለው ባሌ እኔን ለማግባት ያሰበው ሦስት ሳምንት ነው። ፕራይመር ለመምረጥ ግን አራት ወር ፈጀበት። ፕራይመር ማለት የጥይት ቂጥ ላይ የምትሰካ፣ ምስር የምታህል ማቀጣጠያ ናት፤ ምላጭ ሲሳብ እሷ ትፈነዳና ባሩዱን ታነደዋለች። አራት ወር ሙሉ ዩቲዩብ! "ይሄኛው ቆርቆሮው ስስ ነው፣ በእኛ ጠብመንጃ ላይ ምላጭ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። ያኛው ማግነም ነው፣ እሳቱ ይበዛል፣ ጠብመንጃውን ያፈነዳዋል" እያለ ለመጣ ለሄደው ያስተምራል። እዚህ ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ሆቴል ውስጥ ኤሲ የሚጠግን ሰውዬ የጦር መሐንዲስ ሆኖ አረፈው!

እኔን የሚያሳዝነኝ ታናሽ ወንድሙ ተስፋ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ወንድሙ የተናገረውን ሁሉ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ይቀበላል። ቅዳሜ ከፎርት ወርዝ ወዲያ የዱር አሳማ ሊያድኑ ቀጠሮ ይዘዋል። የሁለቱንም ጥይት ሪሎድ የሚያደርገው፣ ማለትም ባዶ ቀለህ ላይ ፕራይመር ሰክቶ ባሩድ የሚሞላው፣ ደግሞ እንግዳ ነው።

ሶ፣ ካሮልተን ያለ አንድ ሱቅ ፕራይመር ገባ ተባለ፤ ግን ለአንድ ሰው አንድ ፓኬት ብቻ። የኔው ጉድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ የጸሎት ቡድናችንን በሙሉ ወስዶ አሰለፈው! ጥይት በሩቁ እንኳ አይታ የማታውቀው የቡድናችን አባል ሐይማኖት "የትኛውን ላንሳ?" ስትለው፣ "ትልቁን የራይፍል ፕራይመር በያቸው፣ ያለውን ይሰጡሻል" አላት። በቃ፣ የአራት ወር ጥናት እዚያው አለቀ። አንዱ ስሱን፣ አንዱ ማግነሙን፣ እሷ ደግሞ ካርቶኑ ያማራትን ይዛ ወጣች።

ቤት ገብቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁሉንም ከየፓኬቱ አራግፎ አንድ የሚጥሚጣ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው! እኛ ሐበሾች የገዛነውን ነገር ጠርሙስ ውስጥ ካልገለበጥነው የኛ የሆነ አይመስለንም። ባዶውን ፓኬት ከሪሳይክል ቆሻሻው አንስቼ ሳነብ "ከማሸጊያው አታውጡ፣ በአንድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል" ይላል፣ በትልልቁ።

"አንተ ሰውዬ፣ አሁን የቱ የቱ እንደሆነ በምን ትለየዋለህ?"

"በዓይን ይታወቃል።"

በዓይን! ሁሉም አንድ ዓይነት ብልጭልጭ።

"ስማ፣ ነገ እሳት አደጋ ደውለህ የሚያስወግዱበትን ጠይቅና አስረክበው።"

"ያን ሁሉ ሰው አሰልፌ? ሰው ምን ይለኛል?"

እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ጠብመንጃ ፊቱ ላይ የፈነዳበትን ሰው ዓይን አጥቤ አውቃለሁ። ይህንንም ነገርኩት፤ እጁን አወናጨፈብኝና ወደ ጋራዡ ሄደ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳጥን ጥይት ተቀምጧል። አንደኛው ላይ በእስክሪብቶ "ተስፋ" ተብሎ ተጽፏል። ሌላውን ከፈትኩት። የፋብሪካ ጥይት ነው፣ ከነማሸጊያው።

"ይሄ የማነው?"

"የኔ ነው።"

"ለራስህስ ለምን አልሠራህም?"

ፊቱን አዞረብኝ። "ማለቴ... መጀመሪያ እሱ ይሞክረው። ቤቴል፣ አንቺው ታውቂያለሽ፣ እኔ እኮ ልጆች አሉኝ።"

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሞኝ ነው እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ለካ ሞኝ አልነበረም። በሱ ፋንታ እኔ አፈርኩ። ስልኬን አወጣሁና ተስፋ ጋ ደወልኩ፤ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"ወይ እትዬ! ወንድም ጋሼ ጥይቴን ጨረሰልኝ?"

ስልኩን ለእንግዳ ዘረጋሁለት። "ለኔ ያልከኝን ለእሱ ንገረው።"

አልተቀበለኝም።

"ለኔ ብሎ ስንት ቀን ደከመ፣" አለ ተስፋ፣ "እግዚአብሔር ይስጥህ በይልኝ።"

"ተስፋዬ፣ ያ ጥይት ዓይንህን ሊያጠፋው ይችላል። ወንድምህም ያውቃል፤ ለራሱ የፋብሪካ ገዝቷል" አልኩት።



"እሱ አጠገብሽ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ ተስፋ።

"አዎ፣ ስፒከር ላይ ነህ፣ ይሰማሃል።"

ተስፋ ስልኩን ዘጋው።