ከመጋረጃው ጀርባ

«ከተቀበረ ገና በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥን? አንቺ ሴት፣ የብሬመን ከተማ ሰው ምን ይለናል?» አለች የሟቹ እህት ጉዱላ፣ ለለቅሶ የጋገረችውን ኬክ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

ኢርምትራውት የቪዲዮ ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። ባሏ ኤከሃርት ከሞተ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ፓስተሩ ሲጸልዩ እንኳ የሌላ ሰው ቀብር ላይ የቆመች ይመስላት ነበር። ያስፈራት ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ ጠፍቷታል። ጉሮሮው ከታመመ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያወራት ትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር። ፊቱ ይመጣላታል፣ የእጅ ጽሑፉም ይመጣላታል። ድምፁን ስትፈልገው ባዶ ነው።

«ደግሞ የወንጀል ፊልም! ያውም ያ እማዬ ደንግጣ የሹራብ መርፌዋን የጣለችበት።»

«እሱው ነው። ቁጭ በይና ቡናሽን ጠጪ።»

ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲታይ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ጭጋግ የዋጠው ወደብ፣ የሚንሾካሾኩ ወንበዴዎች፣ ከከባድ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ የሚያዛቸው ፊቱ የማይታይ አለቃ። «እንዲህ ያለ የሰይጣን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ አምላክ ይጠብቀን» አሉ አማቷ። ኤከሃርት ድንቹን መላጡን ቀጠለ። በኋላ ሳህን ሲያጥቡ ነው ለሚስቱ የነገራት። ፊልሙ የተሠራበት ስቱዲዮ ውስጥ የድምፅ ቴክኒሻን ነበር፤ አለቃውን የሚጫወተው ተዋናይ ድምፁ ተዘግቶ ሲመጣ «አንተ አንብበው» ተባለ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አላት። «ከእንግዲህ የማዕድ ጸሎት ሳደርስ አታምነኝም።»

አሁን ቴሌቪዥኑ ውስጥ መጋረጃው ተናገረ።

«ወንበሩን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ። አትቸኩል። የትም አልሄድም።»

ጉዱላ ቢላዋዋን ኬኩ ውስጥ እንደሰካች ቀረች። «ይሄ… ኤኪ አይደለም?»

«ነው።»

«ወንድሜ? ዶሮ ሲታረድ ከጓሮ የሚሮጠው?»

«እሱ ራሱ።»

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት ደበቃችሁኝ? እናንተ ወንጀለኞች!» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች።

ኢርምትራውት አላለቀሰችም። ቡናዋ ፊት ለፊቷ ቀዘቀዘ። ድምፁን ብቻ፣ ቃል በቃል፣ ትለቅም ነበር።

መጨረሻው ደረሰ። መርማሪው መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። ኢርምትራውት ተነሥታ ጥቁር ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችና የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ጣል አደረገችው።

«ምነው? ፊቱን ላየው ስል!»

«ፊቱ የሌላ ሰው ነው።»

ከሻርፑ ሥር ድምፁ መናገሩን ቀጠለ። እሷም ጎንበስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንደምታለብስ ሁሉ፣ ተንሸራቶ የወረደውን ጫፍ ቀስ አድርጋ መለሰችው።